ደሙ ይቀድማል

አምሐ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ እናቱ እማማ የብርጓል ከሐዘን ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ለምራታቸው ለእናትዓለም አንድ ስም አወጡላት። «ገፊ» አሏት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ገፊ ማለት ዕድሏ የባሏን ዕድሜ የሚገፋ ሴት ናት። ቃሉ አጭር ቢሆንም ሸክሙን የጣና ዙሪያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገፊ የተባለች ሴት ሙሽራ አታስጌጥም፤ አራስ ቤት ገብታ ገንፎ አታገነፋም፤ የገዛ ልጇን እንኳ አብዝታ ብታቅፍ «ተይ፣ እሷንም እንዳትገፊያት» ይሏታል። እናትዓለም ይህን ሁሉ ቻለችው። አንዱን ብቻ አልቻለችውም፤ ኪዲን ወሰዱባት። ልጅቱ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል አያቷ በጀልባ ጭነው ደቅ ደሴት አስገቧት። አባቷ የሞተባት ልጅ በአባቷ ወገን ትደግ ተባለ፤ ሽማግሌም ሆነ ቄስ ለእናትየዋ የተከራከረላት አልነበረም።

ቁጣቸው ሲበርድ ይመልሱልኛል ብላ ጠበቀች። የሰዎቹ ቁጣ ግን እንደ ሐይቁ ነበር፤ ጠዋት ረግቶ ቢያዩት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። አሁን ኪዲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አያቷን «እማ»፣ እናቷን «እታለም» ትላለች። የሚገናኙት ለጥምቀትና ለትንሣኤ ብቻ ነው፤ ያኔም እማማ የብርጓል ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከሁለቱ መካከል ይቀመጣሉ።

ባለፈው ጥምቀት ታዲያ፣ አያቷ ጠበል ሊረጩ ፈቀቅ ባሉበት ጊዜ፣ ኪዲ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እታለም፣ ከሰገራ ጋራ ደም አየሁ። ለእማ እንዳትነግሪያት።»

እናትዓለም ከመቼ ወዲህ ነው ልትል አፏን ስትከፍት ምርኩዙ ተመለሰ። ያቺ ያልተጠየቀች ጥያቄ እቤቷ ድረስ አብራት ሄደች፤ አብራት በላች፤ አብራት ጸለየች።

እናትዓለም የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ልጅ ናት። ባሏ ሲሞት ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም፤ ባሕር ዳር ከአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጥራ ቀረች። መጀመሪያ ካርድ ታመላልስ ነበር፤ ኋላ ተምራ ኮደር ሆነች። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ የበሽተኛውን ነገር በእጁ ይጽፋል፤ ኮደሯ ያንን አንብባ ለበሽታው የተመደበለትን ምልክት ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ሆስፒታሉ ማን በምን እንደታመመ፣ ማን ለክትትል እንደሚጠራ፣ የማንስ ቤተሰብ መመርመር እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ምልክት ነው። በዘር የሚወርድ በሽታ ኮድ የተሰጠው ሰው ከሆነ፣ የቅርብ ዘመዶቹ ስም በየአካባቢያቸው ላለው ጤና ኬላ ይላካል፤ የጤና ሠራተኛዋም ቤት ድረስ ሄዳ ትጠራቸዋለች። ኮዱ ካልተሰጠ የሚጠራቸው የለም።

የሥራው ሕግ ደግሞ አንድ ነው። ሐኪሙ ያልጻፈውን ኮደር አይጽፍም፤ ብታውቀውም፣ በዓይኗ ብታየውም። ይህን ሕግ የሚጠብቅ ሰው ስንት ጊዜ ምላሱን እንደሚነክስ እግዜር ይወቀው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የአምሐ ታላቅ ወንድም፣ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣ ቅኔ ማኅሌት ቆመው ሲያዜሙ ወደቁ። ደቅ ላይ ስማቸው የተጠራ የድጓ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ጀልባ ላይ ጫኗቸው፤ እናታቸው እማማ የብርጓል ራሳቸውን ደግፈው ተከተሉ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ የመሪጌታ ፊት እንደ ሰም ነጥቶ ነበር።

እናትዓለም የካርድ መስኮቱ ላይ ነበረች። እማማ የብርጓል በመስኮቱ ቀዳዳ ፊቷን ሲያዩ አንገታቸውን አዞሩ።

«ሌላ ሰው የለም?»

ከኋላ የተቀመጠችው የሥራ ጓደኛዋ ሀኒ ብድግ አለች። ሀኒ ምላሰ ስል የከተማ ልጅ ናት፤ የሰው ቂም ያስቃታል።

«አለሁ እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«የልጄን ካርድ አንቺ አውጪው። የዚች እጅ እንዳይነካው።»

«ይኼ ካርድ ነው እንጂ ጽዋ አይደለም እማማ፤ ማንም ቢነካው አይረክስም።»

«አውጪ ብዬሻለሁ።»

እናትዓለም ወንበሩን ለቀቀች። ሀኒ ስትጽፍ እሷ ጥግ ላይ ቆማ ካርዶች ታስተካክል ነበር፤ የተስተካከሉትን እያፈረሰች ነበር እንደገና የምታስተካክላቸው። ከሁሉ ያስደነቃት ግን ከተማሪዎቹ አንዱ በሹክሹክታ ለነርሷ የነገራት ነው፤ መሪጌታ ከመስከረም ጀምሮ ደም ሲያፈሱ ኖረዋል፤ ለማንም አልተናገሩም፤ ያየባቸው ተማሪም እንዳያወራ ገዝተውት ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ግሩም ይባላል፤ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፤ የአካባቢውን ሰው ነገር ገና እየለመደ ያለ። የመሪጌታን አንጀት ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ አየ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካርዱ ኮድ ሊሰጠው ወረደ፤ በአጋጣሚም ከእናትዓለም ክምር ላይ ዋለ። የዘመድ ካርድ ለሌላ ሰው መተላለፍ አለበት፤ እሷ ግን ስሙን ከማየቷ በፊት ጽሑፉን አንብባው ነበር። በትልቁ አንጀት ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ፖሊፖች፤ አንዱ ትልቅና መልኩ ያላማረ። ከሥር ደግሞ፣ «በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም፦ የለም» ይላል።

ፖሊፕ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ትንሽ እንጉዳይ የሚበቅል ሥጋ ነው። አንድና ሁለቱ ብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ ተቆርጦ ይወጣና ይረሳል። በዘር ሲወርድ ግን ሌላ ነው፤ በወጣትነት ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ሲውል ሲያድርም ከመካከላቸው አንዱ ወደ ካንሰር ይዞራል። ከወላጅ ወደ ልጅ እኩል በእኩል ዕድል ያልፋል።

ካርዱን ለሀኒ ሰጠቻት። ሀኒ አነበበችና የተራውን ፖሊፕ ኮድ አስገባች። ትክክል ነበረች፤ ሐኪሙ ከዚያ ሌላ አልጻፈም።

«ምነው ፊትሽ?» አለቻት።

«‹የለም› ያሉት ውሸት ነው። ባሌ እንዲሁ እየደማ ነው የሞተው። ሁላችንም ኪንታሮት ነው ብለን ባሕላዊ መድኃኒት ስናስደርግለት።»

«ውሸቱን እሳቸው ተናገሩ፣ ሐኪሙ ጻፈ፣ እኔ ኮድ ሰጠሁ። ሦስታችንም ንጹሐን ነን» አለች ሀኒ። ቀልዱ ግን አፏ ላይ ቀዘቀዘ፤ የኪዲን ነገር ታውቃለች።

እናትዓለም ዶክተር ግሩምን ሄዳ አነጋገረችው። ስለ በሽተኛው አልጠየቀችውም፤ መጠየቅ እንደማይገባት ታውቃለች። ስለ ባሏ ነገረችው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ እንዴት እየገረጣ እንዳለቀ፣ ማንም ውስጡን አይቶት እንደማያውቅ። ስለ ልጇም፣ ጥምቀት ላይ ስለ ሰማችው ነገር ነገረችው። እኚያ የደቅ መሪጌታ የባሏ ወንድም እንደሆኑም ጨመረችበት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ስለ ሌላ በሽተኛ ላንቺ አላወራም፣ እትዬ እናትዓለም። በጠቅላላው ልንገርሽ። መቶ ፖሊፕ ያለበት ሰው ሲመጣ ያለ ምስክር የዘር ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሠላሳ ከሆነ ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው የሚፈርደው። ያልተመረመረ አንድ ሟች አይበቃኝም። ሰውየው ‹ቤታችን ጤነኛ ነው› ካለኝ ደግሞ እጄ ታሰረ።» ቀጥሎም ልጅቷን በቶሎ እንድታመጣት መከራት።

«ልጄ በእጄ አይደለችም» አለችው። «እኔ ብጠራት አይሰጡኝም። መንግሥት ቢጠራት ይሆናል።»

መንግሥት የሚጠራት ደግሞ ኮዱ ከተሰጠ ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ከመሪጌታ አንደበት ላይ ተንጠለጠለ።

ተኝተው ወደነበሩበት ክፍል ሄደች። እማማ የብርጓል ለጸሎት ወጥተው ነበር። መሪጌታ እንዳዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። እንዴት ዋሉ አለች፤ እግዜር ይመስገን እንኳ አላሏትም።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ለግድግዳው።

«ለራሴ አይደለም የመጣሁት። አባትዎ፣ አያትዎ እንዴት እንዳረፉ ለሐኪሙ ይንገሩት። ለኪዲ ሲሉ።»

«አባቶቼ ታመው አልሞቱም። ተጠሩ። የተጠራ ሰው ነገር በሐኪም ቤት ወረቀት አይጻፍም።»

እናትዓለም ይህን ቃል አዲስ ሙሽራ ሆና ደቅ ስትገባ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። በዚያ ቤት ወንዶቹ ጢማቸው ሳይሸብት ያርፋሉ፤ ወገኑም ይኮራበታል። እግዜር የወደደውን አያስረጅም፣ የእኛን ሰው በጉብዝናው ይጠራዋል ይላሉ። አንድ ጊዜ ተዝካር ላይ አሮጊቶች «ደሙ ይቀድማል» ሲባባሉ ሰምታ ምን ማለት ነው ብትል፣ ዝም አሰኝተዋት ነበር። የውጭ ሰው ነበረቻ።

«አምሐስ?» አለች። «እሱም እንደነሱ ነው የሄደው።»

መሪጌታ አሁን ዞሩ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ንቀቱ ግን ከነጤናው ነበር።

«አምሐ አልተጠራም። ድጓውን ጥሎ፣ አባቶቹን ትቶ፣ ካንቺ ጋር ከተማ የወጣን ሰው ማን ይጠራዋል? እሱን አንቺ ገፋሽው።»

«እሺ፣ እኔ ገፋሁት ይበሉ። እስከ ዛሬም ብላችኋል። ልጅቱ ግን ደም…» አለችና ዋጠችው። ለእማ እንዳትነግሪያት ተብላለች፤ ለእሳቸው መንገርም ለእማማ መንገር ነው።

«ልጅቱ ካንቺ ርቃ ደህና ናት። አሁን ውጪልኝ።»

ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ግድግዳውን ይዛ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ጸሎቱን ስትጨርስ አንድ ነገር ገባት፤ ከመንፈስ ይሁን ከቂም ለይታ አላወቀችም፤ እስከ ዛሬም አትለየውም። ሰውየው አልዋሹም ነበር። በቤታቸው በሽታ የለም ሲሉ ከልባቸው ነው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው እንጂ መልሱ አይደለም።

ተመልሳ ለዶክተር ግሩም፣ «ስለ በሽታ አይጠይቋቸው፤ በሽታ የላቸውም» አለችው። «ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸው።»

ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻም ለርስትም የሚፈለግ የአገር ልማድ ነው፤ ሁለት ወገን ሊጋባ ሲል እስከ ሰባተኛ አያት ይቆጠራል፣ ሥጋ ለሥጋ እንዳይገናኝ። እንደ መሪጌታ ያለ ሰው ቆጠራን እንደ ዜማ ነው የያዘው። አባቱን ሲጠራ ያረፈበትን ዕድሜ ይጨምራል፤ የቤቱ ክብር እሱ ነዋ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ በሽተኞቹን ሊጎበኝ ገባ። እናትዓለም የሚመለሱ ካርዶች ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ በሩ ክፍት ነው። ሐኪሙ መሪጌታን እንደምን አደሩ ካለ በኋላ፣ ስለ ወገንዎ መስማት እፈልጋለሁ፣ እኔ ካያቴ ወዲያ የማውቀው የለኝም፣ እርስዎ ስንት ቤት ይቆጥራሉ ሲል ጠየቃቸው።

«ሰባት?» አሉ መሪጌታ። «ሰባትማ እረኛም ይቆጥራል።»

ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ድምፃቸው ከዚያ ከደከመ ደረት እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ ክፍሉን ሞላው። ዘመዱ የጠናበት አስታማሚ እንኳ ጆሮውን ሰጠ።

«እኔ መርስዔ ኀዘን፣ የአለቃ ሀዲስ። አለቃ ሀዲስ በአርባ አራት ዓመታቸው ተጠሩ። ታናሻቸው ቄስ ብሥራት አርባ ሳይሞላቸው። አለቃ ሀዲስ የመምሬ ገድሉ፤ መምሬ ገድሉ በአርባ ሁለት፣ ሰኔ ሚካኤልን ቀድሰው በሳምንቱ። መምሬ ገድሉ የፍቅረ ማርያም፤ ፍቅረ ማርያም ጢማቸው ሳይሸብት…»

«ይበል» አለ ከጥግ አንድ እግሩ የታሰረ ገበሬ።

እንዲህ እያሉ ሰባተኛው ቤት ደረሱ። ሐኪሙ እየጻፈ፣ «ጥሪው እንደመጣ በምን ይታወቃል፣ መሪጌታ?» አላቸው።

«ደሙ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል። በቤታችን የታወቀ ነው። ከሆዱ ደም ይወርዳል፤ ያኔ ሰውየው ንስሐውን ያዘጋጃል፤ ለማንም አይናገርም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለችው ግን ሰማች። «እኔ ብቻ ቆየሁ። ሃምሳ ሲቃረበኝ ምን አጥፍቼ ረሳኝ እያልሁ አለቅስ ነበር። ዘንድሮ መጣልኝ።»

የሐኪሙ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ትሮጥ ነበር። እናትዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ሰው አዘነች፤ ሐዘኗ ግን እግሯን አላነሳላትም፣ ገብታ ይቅር በሉኝ እንድትል አላደረጋትም። ካርዶቿን ይዛ ወረደች።

ዶክተር ግሩም የአምሐንም አሟሟት ከአባቶቹ ቀጥሎ ጻፈ። ደግ ሐኪም ነው፤ የጻፈውን አልደበቀም። እዚያው አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቦ፣ ይህ ጥሪ ሳይሆን በዘር የሚወርድ በሽታ መሆኑን፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው፣ የወንድማቸው ልጅም ሳትዘገይ መታየት እንዳለባት ነገራቸው። ካርዱ እንደገና ሲወርድ ሀኒ አዲሱን ኮድ አስገባች። እናትዓለም ወደ ስክሪኑ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ ካርድ መስኮቱ ላይ የመቋሚያ ድምፅ መጣ። መሪጌታ በሁለት ተማሪ ተደግፈው ቆመዋል፤ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ወረፋ የያዘው ሰው ቄስ ናቸው ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው።

«እናትዓለም» አሉ። ስሟን ከጠሩ ዘመን አልፏቸው ነበር።

«አቤት።»

«ባሌ ሞተ ብለሽ አልቅሰሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? የአባቶቼን ጥሪ በሽታ አደረግሽው። ሰባት ቤት ሙሉ በአንድ ቀን አዋረድሽ።»

«እኔ አንድ ፊደል አልጻፍሁም። እርስዎ ተናገሩ፣ ሐኪሙ ጻፈ።»

«ወጥመዱን ማን ዘረጋው?»

«አምሐም ተጽፏል» አለች፣ ቀስ ብላ። «አልተጠራም ብላችሁ ከአባቶቹ ለይታችሁት ነበር። አሁን ከአባቶቹ ተራ ገባ። ከፈለጋችሁ ጥሪ በሉት፣ ከፈለጋችሁ በሽታ፤ እኔ ግን አልገፋሁትም።»

መሪጌታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ወረፋው ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

«ስሚ» አሉ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ኪዲ ከደሴቱ አትወጣም። ጤና ኬላው ይጥራት፣ መንግሥት ይጥራት፣ አትወጣም። እኔም ቢላ አልነካም። ከአባቶቼ አልለይም።»

እማማ የብርጓል ከኋላቸው ቆመው ነበር። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። መሪጌታ ሐኪሙ ቢለምናቸውም፣ በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ ብለው ፈርመው በጀልባ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መጠበቅ ብቻ ነበር። ስሞቹ ወደ ደቅ ጤና ኬላ ተልከዋል፤ የጤና ሠራተኛዋ እቤታቸው ድረስ ሄዳ «ኪዲ አምሐ» ብላ እንደጠራች፣ መሪጌታም ከበር እንደመለሷት በወሬ ተሰማ። እናትዓለም ሰሙነ ሕማማትን ስትሰግድ ከረመች። ስግደቷ ላይ አንድ ልመናና አንድ ሙግት ነበራት። ልመናው ለልጇ ነው። ሙግቱ፣ ጌታ ሆይ፣ አልዋሸሁም፣ ሰውየውን በእውነቱ ነው የያዝሁት፣ የሚል ነበር፤ ግን እውነትን ወጥመድ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ሳታውቀው ግንባሯ መሬት ይነካ ነበር። ለትንሣኤ ኪዲ አልመጣችም። ከሄደች ወዲህ ለበዓል ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። ሀኒ ልታስቃት ሞክራ ተወችው።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ጠዋት ነው። እናትዓለም መስኮቱ ላይ ናት። ሲሚንቶው ላይ ምርኩዝ ሲያንኳኳ ሰማች፤ ቀና ሳትል አወቀችው። እማማ የብርጓል ናቸው፤ አጠገባቸው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ልጅ ቆማለች።

ሀኒ እንደለመደችው ወንበሩን ልትቀበል ተነሳች።

«ቁጭ በይ አንቺ» አሏት እማማ። «እሷ ታውጣው።»

እናትዓለም ባዶ ካርድ ወደ ራሷ ሳበች።

«ሴት ልጅ አትጠራም» አሉ አሮጊቷ። መስኮቱን እንጂ ሰው የሚያናግሩ አይመስሉም። «በቤታችን ሴት ተጠርታ አታውቅም። ማኅሌት አልቆመች፣ አልቀደሰች፣ በምን ትጠራለች? ያቺ የጤና ሠራተኛ ከሄደች በኋላ ይቺን ጠየቅኋት። ደም ታያለሽ ወይ አልኋት። አዎ አለችኝ።» ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የባሌን ደም አጥቤያለሁ። የልጄንም። ጥሪ ነው እያልሁ አጠብሁ። በዚች ላይ ከሆነ ግን በሽታ ነው። በዚች ላይ በሽታ ከሆነ ደግሞ እነዚያም…»

አልጨረሱትም። እናትዓለምም አልጨረሰችላቸውም።

«መሪጌታስ?» አለች።

«እምቢ አለ። ሌሊት ሌሊት ያቃስታል፣ እምቢ ይላል። እሱ ማኅሌት ገብቶ ሳለ ነው የወጣነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ገፊ ማለቴን አልተውሁም።»

«አይተዉ። ካርዱን ላውጣ።»

ኪዲን እንደ ማንኛውም በሽተኛ ጠየቀቻት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ኪዲ፣ አምሐ፣ ሀዲስ። ዕድሜ። አድራሻ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰች፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠራው የቅርብ ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። ከኋላ ያለ ባለወረፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም ትሁን» አለች ኪዲ ከነጠላዋ ውስጥ፣ አያቷን ሳታይ።

«ጻፊው እንጂ ምን ታፈጥጪብኛለሽ» አሉ እማማ የብርጓል።

ጻፈችው።

ምርመራው ሁለት ቀን ወሰደ። የኪዲ አንጀት ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያቷ የመጣው ነገር ነበር፤ ፖሊፖቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ሲደማ የነበረው ትልቁ ነው። ዶክተር ግሩም ያገኛቸውን ሁሉ ቆርጦ አወጣ፤ ገና ወደ ክፉ አልዞሩም አለ። ከእንግዲህ በየዓመቱ መታየት አለባት፤ ምናልባትም አንድ ቀን ከዚህ የበለጠ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ግን በጊዜ ተደርሶባታል። ይህን ሁሉ በእጁ ጻፈው። ካርዱ ሲወርድ እናትዓለም ሳትነካው ለሀኒ አሻገረችና እጇን እግሯ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ሀኒ ኮዱን አስገብታ ስትጨርስ ቀልድ አልፈለገችም፤ «ገባ» ብቻ አለች።

አስታማሚ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ እማማ የብርጓልን አገኘቻቸው። ኪዲ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። እናትዓለም አጠገባቸው ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ ቆማ ሐኪሙ ያለውን ነገረቻቸው።

«በየዓመቱ?» አሉ።

«በየዓመቱ።»

አሮጊቷ ወደ ሐይቁ በኩል አዩ፤ ካሉበት ውሃው አይታይም፤ የጠዋት ብርሃኑ ብቻ ዛፎቹ ላይ ይጫወታል።

«እኔን ጀልባ ያመኛል» አሉ። «አንቺ እየመጣሽ ውሰጃት።» የልጅቱን ነጠላ አስተካከሉ፤ ሊስተካከል የሚገባው ነገር አልነበረበትም። «እስከ ወደቡ ብቻ ነው። ቤቴ አትገቢም።»

«እሺ» አለች እናትዓለም። «እስከ ወደቡ።»